የድንጋይ ሽበት ያራስኩት እኔ ነኝ

እኔ ደረጀ የምባል ሰው ድመት ባይ ነብር አየሁ ብዬ የማወራ ነኝ። ጅብ አየሁ እንዳልል ሐረር ውስጥ ጅብ ማየት ወሬ አይሆንም። ሸዋ በር አካባቢ ተወልጄ፣ እዚያው ወፍሬ፣ እዚያው ታክሲ እነዳለሁ። ታክሲዬ ሰማያዊ ናት፤ ዕድሜዋን ለሚጠይቀኝ ከጀጎል ግንብ በሁለት ዓመት ታንሳለች እላለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ደግሞ ለሰው ሁሉ፣ “ደረጀ የነገረህን ለአራት አካፍል፣ ከዚያ ጎረቤት ጠይቅ” ትላለች። ልክ ናት። ከዚህ በታች ያለውን ግን ሳታካፍሉ ውሰዱት፤ ይኸኛው እንዳለ ነው።

ነገሩ የሆነው አረፋ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ዶክተር ነቢላ የጀጎል ልጅ ናት። አባቷ መጽሐፍ ይጠርዙ ነበር፤ እሷ አዲስ አበባ ስለ ዕፅዋት ታስተምራለች። በዓመት ሁለት ሦስቴ ስትመጣ ታክሲዬን ትይዛለች፤ የምንሄደውም ድሬ ጠያራ በኩል፣ ከጋራው ሥር ወደሚወርድ አንድ ጅረት ነው። እዚያ ደርሳ ምን ትሠራለች? ድንጋይ ላይ በሆዷ ትተኛለች። ማጉያ መነጽር ዓይኗ ላይ ለጥፋ፣ ያንን ሰው የሚያንሸራትተውን፣ ሽማግሎቻችን የድንጋይ ሽበት የሚሉትን አረንጓዴ ነገር ታያለች። እሷ ሞስ ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ጥላ ሆኜ ከፀሐይ ስከልላት፣ “ዶክተር፣ የጠፋብሽ ጌጥ ካለ አብረን እንፈልግ” እላት ነበር።

ለአራት ዓመት እንዲህ ተመላለስን። እንዳስረዳችኝ ከሆነ የዚያ ጅረት ሞስ ማንም መዝግቦት የማያውቅ አዲስ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። “ሳይሆን አይቀርም” ግን ስም አያሰጥም። ሞሱ ከፀጉር በቀጠነ ዘንግ ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል የዘር ቋት አንዳንዴ ያወጣል፤ የዚያች ቋት አፍ ዙሪያውን ጥርስ አለው። የማን ዘመድ እንደሆነ የሚናገሩት እነዚያ ጥርሶች ናቸው። ቋት ከሌለ ጥርስ የለም፣ ጥርስ ከሌለ ስም የለም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቋት አላየችም።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ ግን አየች። ሦስት። ድንጋዩ ላይ እንደተኛች አልተነሳችም፤ የታመመች መስሎኝ ሮጥኩ። “ጋሽ ደረጀ፣ አይጩኹ” አለችኝ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ ያለን ይመስል። “አገኘሁት።”

የሚያስጨንቀው ከዚህ ይጀምራል። የዚህን ዘር ዘመዶች አብጠርጥሮ የሚያውቅ አንድ የውጭ አገር ምሁር ሰኞ ዕለት አዲስ አበባ ሊመጣ ነበር፤ ለአንዲት ቀን ብቻ። ነቢላ ሞሱን ይዛ እሑድ በአውሮፕላን ትሄዳለች፣ ሰኞ አብረው ያዩታል፣ በቃ። ሐሙስና ዓርብ ግን ድሬዳዋ የማይቀር ሥልጠና ነበረባት። በሚኒባስ ግፊያ ይዛው እንዳትመላለስ ቋቶቹ ይሰበሩባታል። ሞሱ የት ይቀመጥ? የእናቷ ቤት እንደ ጀጎል ቤት ሁሉ ለአረፋ ቀለም እየተቀባ ነው፤ ነደባው፣ ያ ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት መደብ፣ ምንጣፉ ተነሥቶለት ባዶውን ቀርቷል፤ ሰሐኑም ሰፌዱም ከግድግዳ ወርዶ ግቢ ተከምሯል። ስለዚህ ሞሱን በወረቀት አጥፋ፣ ወረቀቱን ካርቶን ውስጥ አድርጋ ለእኔ ሰጠችኝ።

“ጋሽ ደረጀ፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁልኝ።”

ውሃ እንዳይነካው አላለችኝም። ለምን ትበል? ሰው ዕቃ በአደራ ሲሰጥ “እሳት እንዳትለቅበት” ይላል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እጄ አላርፍ አለኝ። ወረቀቱን ገለጥኩት። ያ አረንጓዴ ነገር ተኮማትሮ፣ ጠቁሮ፣ የቆየ የምጣድ ማሰሻ መስሏል። ሞቷል አልኩ። የአራት ዓመት ልፋት በእኔ ቤት ሞተ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። እኔ የሐረር ሰው ነኝ። በዚህ አገር ቅጠል እንዴት እንደሚያዝ የማያውቅ ሰው የለም። ሸዋ በር የተቀመጠችውን ማንኛዋንም ጫት ሻጭ ጠይቁ፤ ውሃ ታርከፈክፍበታለህ፣ በሙዝ ቅጠል ትጠቀልላለህ፣ ላስቲክ ውስጥ ከተህ ነፋስ እንዳይገባው ታጠብቃለህ። የጠወለገ ቅጠል አይቶ ውሃ የማይረጭ ሰው ሐረር ውስጥ ጨካኝ ነው የሚባለው። ረጨሁ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ያ የምጣድ ማሰሻ ዓይኔ እያየ ተፍታታ፣ ቅጠሉን ዘረጋ፣ አረንጓዴ ሆነ። አልማዝን ጠርቼ፣ “ነይ፣ ሙት አስነሣሁ” አልኳት። እሷም አንዴ አይታኝ፣ ያንን የሰው ዕቃ መነካካት ብተው እንደሚሻለኝ ነግራኝ ወጣች። እኔ ግን በደንብ አራስኩት፤ በሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩት፣ ላስቲክ ውስጥ አሠርኩት፣ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ምድጃው አጠገብ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ሸጎጥኩት። በዚያ ቀን ከእኔ የሚበልጥ ባለአደራ ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፈታሁት።

መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። ከዚያ ነጩን ሻጋታ አየሁ፤ እንደ ሸረሪት ድር ሞሱን ሙሉ ወርሶታል። ቋቶቹን ፈለግሁ። መነጽሬን አድርጌ ፈለግሁ። ሦስቱም የነበሩበት ቦታ ላይ ዝልግልግ ያለ ነገር ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ነቢላ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ሸዋ በር እንደምትደርስ ነግራኝ፣ አደራዋን ጠየቀችኝ።

“እንደ ሙሽራ ተቀምጧል” አልኳት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሐሳቡ መጣልኝ፤ ውሸታም ሰው ሐሳብ አያጣም። ጅረቱ አለ፣ ድንጋዩ አለ። ሄጄ ሌላ አመጣለሁ፣ ወረቀቱ ውስጥ አጥፌ እሰጣታለሁ፣ ማን ያውቃል? አልማዝ ሻጋታውን አይታ፣ “ንገራት” አለችኝ። “እነግራታለሁ” አልኩና ሻጋታውን በሙዝ ቅጠሉ መልሼ ጠቅልዬ፣ ሜዳ ላይ እንዳይታይብኝ ታክሲው ውስጥ ወረወርኩት። ለነቢላ ልነግራት ሳይሆን ወደ ድሬ ጠያራ ልበር ነበር።

ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ጋራው ስታጠፍ መንገዱ ላይ ሴቶች በቡድን ሲሄዱ አየሁ። አንዷ የሽቦ ብሩሽ ይዛለች። ሌላዋ ማጭድ። ሦስተኛዋ አሸዋ በባልዲ። ዘፈን እየዘፈኑ ነው። መስኮት ዝቅ አድርጌ በኦሮምኛ የት እንደሚሄዱ ጠየቅሁ። ውሃ የሚቀዱበትን ያንኑ ጅረት፣ እነሱ ምንጩ የሚሉትን፣ ሊያጥቡ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ለአረፋ በየዓመቱ ይታጠባል፣ ዘንድሮ ግን ድንጋዩን ሳይቀር ሊፍቁት ተስማምተዋል፣ ምክንያቱም ባለፈው ክረምት ሰው ወድቆበታል። የፊተኞቹ ከጠዋት ጀምረዋል አሉኝ።

እነሱን አልፌ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ታክሲዋ በሕይወቷ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም።

ስደርስ ድንጋዮቹ እንደ ተላጨ ራስ ያብለጨልጫሉ። ነቢላ አራት ዓመት የተኛችበት ድንጋይ ነጭ ሆኗል። አሥር የሚሆኑ ሴቶች ይፍቃሉ፤ ኦቦ ዩስፍ፣ የምንጩን ነገር የሚያዙት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ሐሊማ የተባለች ሴት የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች፤ ባለፈው ክረምት ውሃ ተሸክማ እዚያ ወድቃ ጭኗ የተሰበረው እሷ ነች። አራት ወር ተኝታለች። አሁንም በምርኩዝ ነው የምትሄደው።

ኦቦ ዩስፍ ያውቁኛል። ሰላምታውን ሳልጨርስ ዓይኔ ድንጋይ ለድንጋይ ይሮጥ ነበር። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። ከዚያ ማዶ፣ ውሃው ከላይ በሚወርድበት፣ ተንጠልጥሎ በወጣ ድንጋይ ሆድ ሥር፣ አንዲት አረንጓዴ ቁራጭ አየሁ። የሽቦ ብሩሽ የያዘች ሴት ውሃውን እየተሻገረች ወደዚያው ትሄዳለች።

“አትንኪው!” ብዬ ጮኽኩ። “መድኃኒት ነው!”

ሁሉም ቀና አሉ። “የምን መድኃኒት?” አሉ ኦቦ ዩስፍ።

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። ግን አፌን ታውቁታላችሁ። የስኳር ነው አልኩ። የደም ግፊትም። ማንም ሳይጠይቀኝ ወገብና ጉልበትን ጨመርኩ። ዓይናቸው ሲበራ ሳይ ደስ ብሎኝ፣ ልጅ እንቢ ላላትም ፍቱን ነው አልኩ። እንኳን ብሩሽ የያዘችው ሴት፣ በየድንጋዩ የነበሩት ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ተነሡ።

ኦቦ ዩስፍ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ መድኃኒትማ ከሆነ የምንጩ ባለቤቶች እያሉ ወደ ከተማ የሚሄድበት ምክንያት እንደማይታያቸው ተናገሩና፣ “ፍቂውና እዚህ ጣሳ ውስጥ አድርጊው” አሏት።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች።

ጫማዬን ሳላወልቅ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ነው፤ በሌላ ጊዜ እስከ አንገቴ ብዬ ባወራሁት ነበር። ተንሸራትቼ በአንድ እጄ ተመርኩዤ፣ ተነሥቼ፣ በእሷና በድንጋዩ መካከል እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ከላይ የሚወርደው ውሃ ጀርባዬን ይመታኛል። የሴትዮዋ ብሩሽ ደረቴ ጋ ነው።

“ዋሽቼ ነው” አልኩ።

“የቱን ነው የዋሸኸው?” አሉ ኦቦ ዩስፍ።

“ሁሉንም። ስኳሩንም፣ ግፊቱንም፣ ልጁንም። ምንም አያድንም።”

“ታዲያ ለምን ቆምህ?”

ነገርኳቸው። ነቢላን ያውቋታል፤ “ድንጋይ ላይ የምትተኛዋ” ይሏታል። አደራ እንደሰጠችኝ፣ እንደ ጫት አርሼ እንዳበሰበስኩት፣ ይህ ያልተፋቀ የመጨረሻው እንደሆነ፣ ሰኞ ካልደረሰ የአራት ዓመት ድካሟ እንደሚቀር ነገርኳቸው። ስነግራቸው ጆሮዬ ራሱ አላመነኝም። ውሸቱ ምን ያህል የተሻለ ወሬ እንደነበር አስቡት።

“ለምን ይጠቅማታል?” አሉ ሽማግሌው።

“ስም ልታወጣለት ነው።”

“ለስም ብቻ?”

“ለስም ብቻ።”

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ብሩሽ የያዘችው ሴት ግን አልሳቀችም፤ መድኃኒቱን የደበቅኋት መስሏት በክፉ ዓይን ታየኛለች። ያን ጊዜ ሐሊማ ከተቀመጠችበት ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ውሃው ስለሚጮህ ሁሉም ጠጋ አሉላት።

“ስም ካወጣችለት በኋላስ? ሰዎች መጥተው አትንኩት፣ አትቅረቡት ይሉናል? ውሃችንን ያጥሩብናል?”

ለዚህ ጥያቄ ሦስት ጥሩ ጥሩ መልሶች አፌ ላይ ነበሩ። ማንም አይነካችሁም፤ በእኔ ይሁንባችሁ፤ በቁልቢው ገብርኤል እምላለሁ። የሐሊማን እግር አየሁ። ምርኩዟን አየሁ።

“አላውቅም” አልኩ።

ኦቦ ዩስፍ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። “ደረጀ አላውቅም አለ” አሉ፤ እንደ ምስክር የሚያስመዘግቡ ይመስሉ ነበር።

ሐሊማ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ታይ ጀመር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ውሃው ውስጥ ሆኜ የምጠብቀው እሷን ብቻ ነበር። እሷ ይፋቅ ብትል ማንም አይቃወማትም፤ እኔም ፊቷ ቆሜ አይሆንም ለማለት ፊት አልነበረኝም።

በመጨረሻ ምርኩዟን አንሥታ ፊቷ ያለውን የተፋቀ ድንጋይ መታችው። “እኔን የጣለኝ ይኸኛው ነው” አለች። “ማዶ ያለውን ሰው አይረግጠውም። ወላሂ፣ ስም ሳይወጣለት ልጅ ቢሞት እናቱ ማን ብላ ታለቅሳለች? ግማሹን ይውሰድ። ግማሹ ይቅር፣ ሥሩ አይነቀል። ግን እንዲሁ አይሄድም፤ ብሩሽ ስጡት።”

ቢላዬን አውጥቼ፣ ነቢላ ስታደርግ እንዳየሁት ከጫፉ ጀምሬ ቀስ ብዬ ገፈፍኩ። ቋት እንዳለው ለማየት መነጽሬ በውሃ ጭጋግ ተሸፍኗል፤ በምላሴ ነው የጠረግሁት። ሁለት ታዩኝ። ወይም አንድ ቋትና አንድ ዘንግ። በኪሴ በነበረ ወረቀት አጠፍኩት፣ ላስቲክ ውስጥ አልከተትኩትም።

ከዚያ ፋቅሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሬ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ፋቅሁ። ሁለቴ ወደቅሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሐሊማ አፏን በሻሿ ሸፍና ስትስቅ አየኋት። ስልኬ ባሕር ዛፍ ሥር በተውኩት ኮቴ ውስጥ ይጮኻል። ነቢላ እንደሆነች አውቃለሁ። ብሩሹን የሚቀበለኝ አልነበረም።

ሸዋ በር ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ሃያ ደቂቃ ነበር። ሚኒባሶቹ ይጮኻሉ፣ ረዳቶቹ ይጣራሉ፤ ነቢላ ከግንቡ ሥር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። እስከ ጭኔ ርሼ፣ ጭቃ ተለድፎብኝ ስታየኝ ተነሣች። ምንም ሳልል ወረቀቱን ሰጠኋት። በጣቷ ጫፍ ገለጠችው።

“ጋሽ ደረጀ፣ ይሄ እርጥብ ነው።”

“አዎ።”

“የረቡዕ ነው?”

ይህ ነው ጊዜው። አዎ ብላት ኖሮ ታምነኝ ነበር። ሞሱ ያው ነው፣ ድንጋዩ ያው ጅረት ላይ ነው፣ ሰኞ ያው ሰኞ ነው። ማንም አይጎዳም። እንዲያውም እሷ በደስታ ትሄዳለች፤ እኔም ባለአደራ እባላለሁ።

“የዛሬ ነው” አልኳት።

“የረቡዑስ?”

ታክሲው ውስጥ ያለውን የሙዝ ቅጠል አምጥቼ ሰጠኋት። ፈታችው፣ አየችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። ሞቷል ብዬ ውሃ እንደረጨሁበት ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች፤ ትከሻዋ አይነቃነቅም ነበር፣ እያለቀሰች መሆኗን ግን አወቅሁ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። አንድ ረዳት ድሬ፣ ድሬ እያለ አጠገባችን ይጮኻል።

ዘወር ስትል ዓይኗ ቀልቶ ነበር። “ደርቆ ለዓመታት ይቆያል። አልሞተም ነበር” አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ “እኔም እኮ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ውሃ እንደሚረጩበት ማወቅ ነበረብኝ።”

ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣች። አሁን የምጠይቅዎትን እንዳለ ይንገሩኝ አለችኝ። የት ነበር፣ ከውሃው ምን ያህል ይርቃል፣ ፀሐይ ያገኘዋል ወይ። መለስኩ።

“ድንጋዩ ላይ የነበረው ምን ያህል ነው?”

“ኧረ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ—”

እስክሪብቶዋ አልተንቀሳቀሰም። አላፈጠጠችብኝም፤ ጠበቀች ብቻ።

“እንደ ሰሐን” አልኩ።

ጠበቀች።

“እንደ መዳፌ። ያለ አውራ ጣቴ።”

ጻፈች።

ማጉያዋን አውጥታ እዚያው ሻንጣዋ ላይ ቋቶቹን አየች። አንዱ ተሰብሯል፤ አንዱ ሙሉ ነው። “አንድ” አለችኝ። ይበቃ እንደሆነ ስጠይቃት እንደማታውቅ ነገረችኝ። በታክሲዬ እናቷ ቤት አደረስኳት፤ መንገዱን ሙሉ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ገልጣ በመስኮቱ ነፋስ ታደርቀው ነበር። እሑድ ሄደች። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ አልጫንኩም፤ ብጭንም የት እንደሚወርድ አልሰማውም ነበር። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ደወለች።

“አንዱ በቅቷል” አለች። “ጥርሶቹ የማንም አይደሉም። የራሱ ናቸው።”

እንግዲህ አንባብያን፣ ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሰው ሆነ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። ትናንትና ታክሲዬ ውስጥ ስለያዝኩት ዓሣ ሳወራ፣ ዓሣው በመስኮት አልወጣ ብሎ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር ገብቶኛል። ሰው እንዲሰማኝ ብዬ ነበር የማጋንነው፤ በዚያ ቀን ግን ያልተጋነነችዋን “አላውቅም” የሰሙትን ያህል ማንም ሌላ ወሬዬን ሰምቶልኝ አያውቅም። የሚጠብቅ ሰው ፊት ሲቆም ቃል ራሱ ይከብዳል። ዛሬ ሰው የቤቱን፣ የልጁን፣ የበሽታውን ነገር ሲያዋየኝ፣ የማላውቀውን አላውቅም እለዋለሁ። ተሳፋሪዎቼ ታመሃል ወይ ይሉኛል።

ነቢላ ለሞሱ የመንደሩን ስም ሰጥታዋለች። በስምህ አልሰየመችውም እያሉ ጓደኞቼ ያሾፉብኛል። ጽሑፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ አመጣችልኝ፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ ጉዳዬ የተጻፈበትን አንድ መስመር በጣቷ እያሳየች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። አልማዝም አብራኝ ሰማች፤ ከሰማች በኋላ ለአራት አላካፈለችውም።

“የመጀመሪያው ናሙና በአያያዝ ስሕተት ተበላሽቷል። ይኸኛውን ከሦስት ቀን በኋላ ከዚያው ጅረት፣ ከመዳፍ ካነሰ ቦታ ላይ፣ ግማሹን ትቶ የሰበሰበው ደረጀ ነው።”